ያው ማለት ምን ማለት ነው?

ጥቅምት 6

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ከፓምፕ ጩኸት ጋር ተጣልቶ የቀረው ጆሮዎ እንዴት ሰነበቱ? አክስቴስ? እኔ ከቢሮዬ ወንበር ጋር ተጣብቄ ልቀር ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ለጥያቄዎ መልሱ፣ አዎ ገብቷል ነው። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ጽሑፉን በጆርናሉ ድረ ገጽ ላይ ጫንኩና «አስገባ» የሚለውን ነካሁት። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልዎ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዳልደውል ጆሮዎ አይተባበርም፤ እንዳልጽፍ ደግሞ ጣቴ የእርስዎን ቁጥሮች ሲገለብጥ ውሎ ይደነዝዛል። አሥራ አንዱም መዝገብ በደህና ተቀምጧል። በላስቲክ፣ ከዚያ በአሮጌ አንሶላ፣ ከዚያ እንደገና በላስቲክ ስለ ጠቀለሏቸው የፖስታ ቤቱ ሰው ያን ጊዜ የሰጠኝ ጆሮውን አስጠግቶ ካዳመጠ በኋላ ነበር።

ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ባለው ጉድጓድ በየሰኞው ጠዋት ገመድ እየሰደዱ፣ ውኃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ የጻፉት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ተሰብስቧል። ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ አራት ሰኞ። ጽሑፉ የቆመው በአሥራ አምስተኛው ዓመትዎ ላይ ነው። ውኃው ለሦስት ወር ንቅንቅ ሳይል ይቆይና በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሜትር ከሰባ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ነገር እስካሁን የጻፈ የለም። ርዕሱም «ድንገተኛ የከርሰ ምድር ውኃ መውረድ» ነው። የክፍላችን ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ሠንጠረዡን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ፤ እሳቸው ለምሳ እንኳ ቶሎ አይነሡም።

ስምዎ ከእኔ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው፣ የፕሮፌሰሩ ሦስተኛ። የጽሑፉን ቅጂና የጆርናሉን ደንብ አያይዤልዎታለሁ፤ ስምዎ ይግባ ወይ አይግባ ይጻፉልኝ፣ እንቢ ማለት ግን አይቻልም። የእኔ ውል የካቲት መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ጽሑፉ እስከዚያ ካልጸደቀ አይታደስልሽም ተብያለሁ። ስለዚህ ሁለታችንም አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለናል።

ያሳደጓት የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 19

ይድረስ ለቆጣሪዬ፣

ደረጃ ሳትቆጥሪ የማትወጪ፣ ጥርስሽን ሳትቆጥሪ የማትተኚ ልጅ፣ እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽን አክስትሽ ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። እኔ ማንበብ አላቃተኝም፤ እሷ ግን ጎረቤት እንዲሰማላት ትፈልጋለች።

ስሜ ይግባ ወይ አይግባ ላልሽው፣ እሺ ይግባ። ቀድመሽ አስገብተሽ መጠየቅሽን ግን ልብ ብዬዋለሁ። ያልገባኝ ነገር፣ ገምጋሚዎቹ የእኛን ስም አያውቁም፣ እኛም የእነሱን አናውቅም የሚለው የጆርናሉ ደንብ ነው። ተሸፋፍኖ መዘላለፍ ካልሆነ በቀር ይህ ምን ይባላል? አክስትሽ ደግሞ አጽሕሮተ ጥናቱ ከሁለት መቶ ሃምሳ ቃል አይበልጥም መባሉ ገርሟታል። እሷ በሁለት መቶ ሃምሳ ቃል ሰላምታ አትጨርስም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስለ አለካኩ በሚናገረው ክፍል «በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ሰኞ አልታለፈም» ብለሽ ጽፈሻል። ከግድግዳዬ ላይ ካለው የምስጋና ወረቀት እንደ ወሰድሽው ገብቶኛል። ወረቀቱ የውኃ መሥሪያ ቤቱ ጡረታ ስወጣ የሰጠኝ ነው፤ መሥሪያ ቤት ሲሸኝ ደግሞ አፉ ማር ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ባትኖር ምን ይጎድላል? ጉራ ትመስላለች። ማውጣት የሚቻል ከሆነ አውጪያት።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዓረፍተ ነገሯን አላወጣኋትም፤ ይቅርታ። ሰው ሲያመሰግንዎ መግቢያ እንደሚጠፋዎ ስለማውቅ በትሕትና ነው ብዬ አለፍኩት።

«ምን አሉን?» ማለትዎ አይቀርም፤ ግምገማው ትናንት መጣ። አልጣሉንም፣ አልተቀበሉንምም። አሻሽላችሁ በስልሳ ቀን መልሱ ብለዋል፤ የመጨረሻው ቀን የካቲት 9 ነው። አንደኛው ገምጋሚ ጽሑፉን ወዶታል፤ ሁለት ጥናቶች እንድንጠቅስለት ብቻ ይፈልጋል። ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ማን እንደ ሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ገምጋሚ ሌላ ፍጡር ነው። አራት ገጽ ጽፏል፤ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ቆጥሮብኛል። ከሁሉ የከበደኝ ሰባተኛው ጥያቄው ነው። ከጽሑፉ ጋር የመዝገብዎን ጥቂት ገጾች ፎቶ አያይዤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለጌጥ ነው። እሱ ግን በአጉሊ መነጽር አይቷቸዋል። በብዙ ሰኞዎች ፊት ቁጥር ሳይሆን «ያው» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔም ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ያለፈውን ሰኞ ቁጥር ደግሜ ሞልቼዋለሁ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ያው ማለት ምን ማለት ነው? ተለክቶ ለውጥ አልታየም ማለት ነው ወይስ አልተለካም?»

ቆጠርኳቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ያው አለ። ገመዱን ሰድደው ውኃው ካለፈው ሰኞ ጋር እኩል ሲሆንብዎ ነው አይደል ያው የሚሉት? አንድ መስመር ይበቃኛል።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 21

ይድረስ ለቆጣሪዬ፣

ሰላምታዬ ከእግር እስከ ራስ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። የጓዳው ጣራ ባለፈው ዝናብ አንድ ቦታ አፍስሶ ነበር፤ ወጥቼ ስደፍነው ሁለት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ። አክስትሽ ጣራው የፈለገውን ያፍስስ፣ አንተ ብቻ አትውጣበት ብላ መሰላሉን ለጎረቤት አዋሰችብኝ። የበሩ ማጠፊያም እንደ በግ ይጮሃል አሉ፤ እኔ አልሰማሁትም፣ ቢሆንም ዘይት አድርጌለታለሁ። ጎረቤታችን አናጢው ልጁን ድሮ፣ ከሠርጉ በኋላ ወገቡን ይዞት ተኝቷል።

[ስለ ጣራው፣ ስለ መሰላሉና ስለ አናጢው ወገብ ሦስት ገጽ ይቀጥላል።]

ለዚያ ለሁለተኛው ገምጋሚ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ስሙን ባላውቀውም ወድጄዋለሁ። እንደሱ ያለ አለቃ ኖሮኝ ቢሆን ብዙ ነገር ባልሆነ ነበር።

ስለ ያው ለጠየቅሽኝ፣ ያው ማለት ያው ነው። ውኃው ካልተንቀሳቀሰ ያው ይባላል። ይህ ይበቃቸዋል?

አጎትሽ


ጥር 2

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

አይበቃቸውም። እኔንም አልበቃኝም።

ደብዳቤዎ አራት ገጽ ነው። ሦስት ገጽ ተኩሉ ስለ ጣራ፣ ስለ ማጠፊያና ስለ አናጢው ወገብ ነው፤ ስለ ያው ሁለት መስመር። ሲያሳድጉኝ «ሳይጠየቅ ብዙ የሚያወራ ልጅ ብርጭቆ ሰብሯል» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ መዝገቦቹን እንደገና አወጣኋቸውና እያንዳንዱን ያው በአጉሊ መነጽር አየሁት።

እርስዎ ለገበያ ዝርዝር እንኳ አራት ነጥብ የሚያደርጉ ሰው ነዎት። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ያው መቶ ዘጠና ዘጠኙ ላይ አራት ነጥብ አለ። አሥራ ሦስቱ ላይ የለም። አሥራ ሦስቱም ተከታትለው የመጡ ናቸው፤ በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ ውኃው ንቅንቅ አላለም ባልኩበት በዚያው ሦስት ወር። እኔ ስገለብጥ ነጥቡን ጥዬው ነበር፤ ኮምፒውተር ነጥብ ምን ያደርግለታል ብዬ።

ያን ጊዜ እኔ ለመመረቂያ ፈተና ተቀምጬ ነበር። የጻፉልኝን ደብዳቤዎች ከሻንጣዬ አወጣኋቸው። በእነዚያ ወራት አራት ጊዜ ጽፈውልኛል፤ በአራቱም መጨረሻ ላይ «አክስትሽ ያው ናት» ይላል። እዚያም ነጥብ የለም።

አጎቴ፣ በእነዚያ ሰኞዎች የት ነበሩ? እየከሰስኩዎ አይደለም። ግን መልሱ ምንም ይሁን ምን እውነተኛውን እጽፋለሁ፤ ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ልጅዎ


ጥር 11

ልጄ፣

በእነዚያ አሥራ ሦስት ሰኞዎች ገመዱን አልሰደድኩም። ወደ ጉድጓዱም አልሄድኩም። ይኸው ጻፍኩት፤ ነጥቡንም አደረግሁ።

አክስትሽ ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኝቶባት ሩቅ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀደዷት። እኔ ከአልጋዋ አጠገብ በአንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበርኩ። ለአንቺ እንንገራት ስላት፣ «ልጅቷ ፈተናዋን ሳትጨርስ ከሰማች ከዚህ ተነሥቼ አንተን ነው የማስተኛህ» አለችኝ። እንኳን ለአንቺ ለጎረቤትም አልተነገረም፤ ወሬ እግር አለው ብላ። አንቺ ፈተናሽን ስትጨርሺ እሷ ድና ነበር፤ ከዳነች በኋላ ደግሞ ምን ይወራል ተባለና በዚያው ቀረ።

ለአለቃዬ የግል ጉዳይ አለብኝ ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። የፓምፑን ሥራ ጓደኛዬ ሸፈነልኝ። አለቃዬ «ሰኞስ?» ሲለኝ «አስቤበታለሁ» አልኩት። አላሰብኩበትም። ገመዱን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ማሳየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዲነካው ግን አልፈለግሁም። አሁን ሳስበው ቅናት ነው፤ ሰው በጉድጓድ ይቀናል?

ስመለስ አሥራ ሦስት ባዶ መስመር ጠበቀኝ። ባዶውን መተው ነበረብኝ። አፈርኩና ያው ብዬ ጻፍኩ። ነጥቡ ላይ ስደርስ እጄ እንቢ አለ። በሚቀጥለው ሰኞ ገመዱን ስሰድ አሥራ ስምንት ከአርባ ላይ የተውኩት ውኃ ሃያ አንድ ከአሥር ላይ ተገኘ። ጉድጓዱ የቀጣኝ መሰለኝ። አለቃዬ ግን መዝገቡን ሳይከፍት ይፈርምበት ስለ ነበር ማንም አልጠየቀኝም። እስከ ሁለተኛው ገምጋሚ ድረስ ማንም አልጠየቀኝም።

ሥራሽን እንዳበላሸሁብሽ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ።

አጎትሽ

አክስትሽ ነኝ። እሱ ስንት ዓመት ሙሉ ሲብሰለሰል የኖረ ሰው ነው፤ አንቺ ደግሞ አትጨምሪበት። ጠባሳው ሆዴ ላይ አለ፣ መጥተሽ ማየት ትችያለሽ። መደበቁ የእኔ ሐሳብ ነው፣ አልጸጸትበትም፤ ተመርቀሻላ። ጽሑፉን ግን ደህና አድርገሽ ጻፊ።


ጥር 22

ይድረስ ለአጎቴና ለአክስቴ፣

ደብዳቤያችሁን የቢሮው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አለቀስኩ። ከዚያ በሁለታችሁም ተናደድኩ፤ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፣ ስመጣ እጨርሰዋለሁ። ጽሑፌ ላይ የተገኘው ቀዳዳ እኔ እንዳላውቅ ሲባል የተቀደደ ነው። በእሱ ላይ ተቀምጬ ድንገተኛ ግኝት አገኘሁ ብዬ ስፎክር ነበር።

«ፕሮፌሰሩ ሰሙ ወይ?» ይሉኝ ይሆናል፤ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ። የተጻፈው ያው ነው፣ የጻፈውን ሰው ልብ መመርመር የእኛ ሥራ አይደለም፣ «ለውጥ አልታየም ብለሽ መልሺ» አሉኝ።

«ማን አይቶ ነው ያልታየው?» አልኳቸው።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድንገተኛ የሚለው ቃል ግን በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። በመጨረሻ ስማቸውን ከጽሑፉ እንዳወጣ ጠየቁኝ፣ አወጣሁት። ስለ ውሌም የድጋፍ ደብዳቤ እንደማይጽፉልኝ ነገሩኝ።

አሁን የሠራሁትን ልንገርዎ። አሥራ ሦስቱን ሰኞዎች ከስሌቱ አወጣኋቸው። ሁለት ሜትር ከሰባው በአንድ ሳምንት ሳይሆን በአሥራ አራት ሳምንት የወረደ ነው፤ በሳምንት አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ግድም። ድንገተኛ የሚባል ነገር የለም። ግን በመጣደፍ ያላየሁትን አየሁ። ከዚያ በፊት ውኃው በበጋ ቢወርድ በክረምት ይመለስ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ አንድም ክረምት ከሃያ ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ አልወጣም፤ ለሰባት ዓመት። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ያው ነጥብ አለው። ጩኸት የሌለው ነገር ነው፤ ለከተማው ግን ከመጀመሪያው የከፋ ነው። አዲሱ ርዕስ «ያልተመለሰ ውኃ» ነው።

ሁሉም እንደገና ይጻፋል፤ አጽሕሮቱ፣ ሰባቱ ሥዕሎች፣ ውይይቱ፣ መደምደሚያው። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶኛል። አደርሰዋለሁ።

ከእርስዎ የምፈልገው በእጅዎ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ የትኞቹ ሰኞዎች እንዳልተለኩ የሚናገርና ፊርማዎ ያለበት። ከጽሑፉ ጋር አብሮ ስለሚወጣ ማንም ሊያነበው ይችላል። ምክንያቱን መጻፍ ግዴታ አይደለም። ስምዎ ይውጣ ካሉም አወጣዋለሁ፤ እኔ ግን እንዲቆይ እፈልጋለሁ።

ልጃችሁ


የካቲት 1

ይድረስ ለቆጣሪዬ፣

ስሜ አይወጣም። መቶ ዘጠና ዘጠኙ የእኔ ከሆኑ አሥራ ሦስቱም የእኔ ናቸው።

ቃሌን ጽፌ ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አምስት ጊዜ ቀድጄ እንደገና ጽፌዋለሁ። ምክንያቱም አለበት፤ አክስትሽ «ዝም ካልክ ሰነፍ ነበር ይሉሃል» ብላ አስጻፈችኝ።

ሌላ ሰው ከጽሑፉ እስኪያነበው አልጠበቅሁም። ትናንት የምስጋናውን ወረቀት ከግድግዳ አውርጄ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። አዲሱ አለቃ ወጣት ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቶ አሁን ማን ይጠይቅዎታል?» አለኝ።

«ተጠይቄያለሁ» አልኩት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ሰው እውነቱን ሲናገር ቀለል ይለዋል ይላሉ፤ እኔን አላቀለለኝም። እስከ ቤቴ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ነው የሄድኩት። ግን ነገ ሂድ ብትዪኝ ደግሜ እሄዳለሁ። ወረቀቱ የነበረበት ግድግዳ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀርቷል፤ አክስትሽ ሙሉውን ግድግዳ ቀለም ቀባልኝ እያለች ነው፣ መሰላሉን ግን አላስመለሰችም።

አጎትሽ


የካቲት 13

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

ደርሷል። የካቲት 9 ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አስገባሁት። ድረ ገጹ ሦስት ጊዜ መልሶብኛል። መጀመሪያ ሥዕሎቹ ከብደዋል አለኝ፤ አሳነስኳቸው። ቀጥሎ የእርስዎ ቃል ላይ ስም ስላለ ገምጋሚዎቹ እንዳያዩት ሸፍኚው አለኝ። ስምዎን በነጭ ወረቀት ሸፍኜ እንደገና ፎቶ አነሣሁት፤ ያን ያህል ደክመው የፈረሙትን ስም። አይዞዎት፣ ሲጸድቅ ይገለጣል። ሦስተኛው ጊዜ የኔው ጥፋት ነው፤ የድሮውን ርዕስ ሳላጠፋ ቀርቼ ነበር።

ለሁለተኛው ገምጋሚ ምን ብዬ እንደ መለስኩ ማወቅ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። ለአራት ገጽ ጥያቄ አሥራ አንድ ገጽ መልስ ሰጥቻለሁ። የሰባተኛው ይህ ነው፦ «ገምጋሚውን እናመሰግናለን። በመቶ ዘጠና ዘጠኝ ሰኞዎች ያው ማለት ተለክቶ ለውጥ አልታየም ማለት ነው። በአሥራ ሦስቱ አልተለካም ማለት ነው። ሁለቱን የሚለየው አራት ነጥብ ነው፤ የመዝጋቢው ቃል ተያይዟል። አሥራ ሦስቱን ከስሌት አውጥተናል፤ መደምደሚያችንም ተለውጧል።» ሰላምታዎን አላደረስኩም፤ ደንቡ አይፈቅድም።

ወንበሬን በዚህ ወር መጨረሻ አስረክባለሁ። በዚህ አይዘኑ። ወንበሩ ላይ ሆኜ የማላምንበትን ጽሑፍ ከማየት፣ ቆሜ የማምንበትን ብጠብቅ ይሻለኛል።

ልጅዎ


ሚያዝያ 17

ይድረስ ለአጎቴና ለአክስቴ፣

ጸድቋል።

ወዲያው ሳልጽፍ ሦስት ቀን የቆየሁት ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነበው ነው። ሁለተኛው ገምጋሚ በዚህ ጊዜ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «መዝጋቢው ያልለካውን በመናገሩ የለካውን ሁሉ አምኜዋለሁ።» አጎቴ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር በትልቁ ጽፌ አያይዤልዎታለሁ። ግድግዳው ገና ካልተቀባ ቦታ አለው።

ወንበሬን መለሱልሽ ወይ ላሉት፣ አልመለሱም፤ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ሌላ ተቋም ለሐምሌ አመልክቺ ብሎኛል። አመለክታለሁ። እንቢ ካለኝ ሌላ አለ።

የታተመውን ሁለት ቅጂ እልክላችኋለሁ፤ አንዱ ለጎረቤት ነው።

ልጃችሁ


ሰኔ 5

ይድረስ ለቆጣሪዬ፣

ሁለቱም ቅጂ ደረሰን። አንዱ እስካሁን አናጢው ቤት ነው፤ ወገቡን ታሞ ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ያነባል።

ገረመዎት ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ስሜን ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ። ከስሜ በታች «የውኃ መጠን ለኪ፣ ጡረተኛ» ይላል፤ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ አልፈልግም። የተጻፈው ሁሉ አልገባኝም፣ መስመሮቹ ግን ገብተውኛል። በየዓመቱ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል፤ ከዚያ ይወርድና አይመለስም። በዓይኔ ሳየው የኖርኩትን ነገር አንቺ ልክ እንደ ነበረው አስቀመጥሽው። ኮራሁብሽ። ወጣቱ አለቃ የመዝገቡን ቀሪ ቅጂ ይዞ ወደ ከተማው ምክር ቤት ሊሄድ ነው፤ አብሬው እንድሄድ ለምኖኛል፣ እሄዳለሁ።

አክስትሽ መነጽሬን ነጥቃኝ ሁለተኛውን ሠንጠረዥ ስትፈልግ ቆየች። ሳምንቱ በግራ ተዘርዝሯል፣ ሜትሩ በቀኝ። አሥራ ስምንት ከአርባ ይላል፤ ከሥሩ አሥራ ሦስት ቦታ ባዶ ነው፤ ከዚያ ሃያ አንድ ከአሥር። እኔ ያን ባዶ ቦታ ማየት አፍሬ ገጹን ልገልጠው ስል እጄን ያዘችኝ። ጣቷን ከመጀመሪያው ባዶ ቦታ እስከ አሥራ ሦስተኛው ድረስ አንድ በአንድ አወረደችው፣ እንደ አንቺ እየቆጠረች።

«እነዚህ የእኔ ናቸው» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

አጎትሽ